ኮንሰልታንት፣ ጊዜያዊ ቅጥር ወይስ ሮስተር? በአደጋ ጊዜ የሕፃናት ጥበቃ ሥራ ውል ስትመርጡ

የአማካሪነት (የኮንሰልታንትነት) ውሌ ያለቀው ማክሰኞ ነው። የስልክ ቀጠሮው ደግሞ ሐሙስ ነበር።

ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው። ከቤተሰቧ ተለይታ መጠለያ ውስጥ ትኖራለች። አክስቷ ሌላ መጠለያ መገኘቷ ተሰምቶ፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ በስልክ እንዲነጋገሩ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ማክሰኞ ከሰዓት ላፕቶፔን ስሰበስብ ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ቢጫ ፋይል አቅፋ መጣች። ቅጹ ላይ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል። አንዱ የእሷ ነው፤ ሌላው የሱፐርቫይዘር። ሱፐርቫይዘር ስላልተቀጠረ ለ3 ወር ስፈርም የቆየሁት እኔ ነኝ። ውሌ ግን የሚለው "ቴክኒካዊ ድጋፍ መስጠት" ብቻ ነው። "ሐሙስ ማን ይፈርምልኛል?" አለችኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የአማካሪነት ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ክፍያውን አላስቀድምም። መጀመሪያ የማየው እኔ ስወጣ ሥራው ማን እጅ ላይ እንደሚቀር ነው። አማራጮቹንም ከዚህ በታች የማወዳድረው በዚሁ ዓይን ነው። ገንዘቡንም አልዘለውም፤ እንጀራ ነውና።

ውሉን ከማየት በፊት ሥራውን ለዩ

ማስታወቂያዎቹ ሁሉ "የሕፃናት ጥበቃ አማካሪ" ይላሉ። ገልጠው ሲያነቡት ግን ሦስት የተለያየ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው የወረቀትና የሥርዓት ሥራ ነው። የፍላጎት ዳሰሳ፣ የፕሮጀክት ግምገማ፣ የአሠራር መመሪያ ማርቀቅ፣ የሥልጠና ሞጁል ማዘጋጀት እዚህ ይገባሉ። መጀመሪያና መጨረሻ አላቸው። ሪፖርቱ ገባ፣ ሥራው አለቀ። አጭር የአማካሪነት ውል የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። እንዲያውም ግምገማ ከውጭ በመጣ ሰው ቢሠራ ይመረጣል። ፕሮጀክቱን የሠራው ሰው ራሱን ሲገመግም ምን ሊጽፍ እንደሚችል እናውቃለን።

ሁለተኛው ማስተባበር ነው። የክላስተር አሠራር፣ ማለትም በአንድ ዘርፍ የሚሠሩ ድርጅቶች በአንድ መሪ ሥር የሚቀናጁበት መንገድ፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው የሰብአዊ ርዳታ ማሻሻያ ነው። ሕፃናት ጥበቃ በውስጡ የጥበቃ ክላስተር አንድ ዘርፍ ሲሆን፣ ዘርፉን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመራው ዩኒሴፍ ነው። ችግር ላይ የወደቁት ስደተኞች ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል፤ ማስተባበሩን የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) ነው። ይህን ሳያጣሩ ያመለከተ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ሲንተባተብ አይቻለሁ። ማስተባበር በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አስተባባሪን ሰው የሚሰማው ስለሚያምነው ነው፤ እምነት ደግሞ በ30 ቀን ውል አይገነባም።

ሦስተኛው የልጁ ጉዳይ ራሱ ነው። ኬዝ ማኔጅመንት የምንለው። ልጁን መመዝገብ፣ ያለበትን አደጋ መገምገም፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ቤተሰብ ማፈላለግ፣ ከተገናኘም በኋላ መከታተል። በሰብአዊ ተግባር ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መስፈርቶች የሚባሉት መጀመሪያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በ2019 ተሻሽለው 28 ሆነዋል። 18ኛው ስለዚሁ ሥራ ነው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከ25 በላይ ልጆች ጉዳይ እንዳይዝ ይመክራል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። እያንዳንዱ ፋይል የቤት ለቤት ጉብኝት ነው፣ ስልክ ነው፣ ሳይመች ሲቀር ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ነው።

ይህ ሥራ ለምን ጊዜ እንደሚጠይቅ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ ላይ ታይቷል። ርዕደ መሬቱ ከደረሰ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ የውጭ ቡድን 33 ልጆችን ይዞ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገር ሲል ድንበር ላይ ተያዘ። "ወላጅ አልባ ናቸው" ነበር የተባለው። ሲጣራ አብዛኞቹ በሕይወት ያለ ወላጅ ነበራቸው። የቡድኑን ልብ ማን ያውቃል። ግን "ብቻውን የቆመ ልጅ" እና "ቤተሰብ የሌለው ልጅ" የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን ለማወቅ ደግሞ መጠየቅ፣ ማጣራት፣ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥድፊያ ይጠላል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ከሆነ በኮንሰልታንትነት ግቡ። ሁለተኛው ከሆነ ጊዜያዊ ቅጥር ወይም ሮስተር (ቀውስ ሲፈጠር የሚላኩ ባለሙያዎች ዝርዝር) ፈልጉ። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ ሠራተኛ ሆናችሁ ተቀጠሩ፤ ካልሆነ ሠራተኞቹን አሠልጥኑ፣ ደግፉ፣ ፋይሉን ግን እናንተ አትያዙ። እኔ ይህን ስላላወቅሁ ነው ያ ማክሰኞ የደረሰብኝ።

የተባበሩት መንግሥታት የአማካሪነት ውል

ስሙ ያምራል። ሲቪ ላይም ያምራል። ውስጡን ግን እንየው።

አማካሪ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለም። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የሠራተኞች ደንብ አይመለከታችሁም። የዓመት ፈቃድ የለም። ጡረታ የለም። የጤና መድን ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ገዝታችሁ ማስረጃ ማቅረብ አለባችሁ። ግብርም የእናንተ ጣጣ ነው። የምትጽፉት ሰነድ የድርጅቱ ንብረት ይሆናል። የለፋችሁበትን የሥልጠና ሞጁል በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ድርጅት መሸጥ አትችሉም።

የጊዜ ገደብም አለ። የመንግሥታቱ ድርጅት ሴክሬታሪያት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አማካሪ በ36 ወር ውስጥ ከ24 ወር በላይ ማገልገል አይችልም። እንደ ዩኒሴፍ ያሉት የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ግን ሐሳቡ ያው ነው። አማካሪ ቋሚ ሠራተኛን እንዳይተካ ለመከላከል ነው። በተግባር ግን ይተካል። ያም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ለአማካሪ የሠራተኛ አለቃ መሆን ወይም ገንዘብ ማጽደቅ አይፈቀድለትም። ሥራው ይሰጣችኋል፣ ሥልጣኑ አይሰጣችሁም። የወረቀት ሥራ ላይ ይህ ምንም አይጎዳም። ማስተባበር ላይ ግን እጃችሁን ያስራል።

ጥሩ ጎኑስ? የሥራ ነፃነት አለው። አንድ ነገር ጠለቅ ብላችሁ ትሠራላችሁ። ስብሰባ ለስብሰባ አትንከራተቱም። የሦስት አገር ልምድ በአንድ ዓመት ታገኛላችሁ። መጻፍ የምትችሉ፣ ቀን የምታከብሩ፣ የሰው ፊት ሳታዩ የምትናገሩ ከሆናችሁ ይህ ለእናንተ ነው።

ጊዜያዊ ቅጥር

እዚህ ሠራተኛ ናችሁ። ውሉ ከአንድ ዓመት በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ እስከ 364 ቀን ይሆናል። ፈቃድ አለ፣ የጤና መድን አለ። ውሉ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የድርጅቱ የጡረታ ፈንድ ውስጥ ትገባላችሁ። ሰው መምራት ትችላላችሁ፤ ፊርማችሁም ዋጋ አለው። በስብሰባ ላይ "ድርጅቴ ይህን ይላል" ማለት ትችላላችሁ።

ችግሩ መግቢያው ነው። ፈተናው፣ ቃለ መጠይቁ፣ የማጣራት ሂደቱ ይንዛዛል። ሌላው ደግሞ በ10ኛው ወር የሚመጣው ሐሳብ ነው። "ይታደስልኝ ይሆን?" እያሉ መሥራት ልብ ይከፍላል። ሆኖም ከአማካሪነት ጋር ምርጫ ከቀረበላችሁ፣ ሥራው ማስተባበር ከሆነ፣ ክፍያው ትንሽ ቢያንስም ይህን ውሰዱ።

ሮስተር

ብዙ ሰው የማያውቀው በር ይህ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ባለሙያዎችን አስቀድመው መርጠው ዝርዝር ይይዛሉ። ቀውስ ሲፈጠር ለመንግሥታቱ ድርጅት ኤጀንሲዎች ያውሷቸዋል። ኖርካፕ ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ በኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ሥር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ይሠራል። የዴንማርክ የስደተኞች ምክር ቤት እና ሬድአር አውስትራሊያም ተመሳሳይ ዝርዝር አላቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደመወዛችሁን የሚከፍለው ሮስተሩ ነው። ሥራ የሚያሠራችሁ ኤጀንሲው ነው። ሥምሪቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ነው። መድኑን፣ የጉዞ ዝግጅቱን፣ የደህንነት ሥልጠናውን ሮስተሩ ይይዘዋል። ታማችሁ መውጣት ቢያስፈልግ ማን እንደሚያወጣችሁ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አማካሪ ሆኜ በሄድኩበት አንድ ቦታ ወባ ይዞኝ፣ ቢሮዎቹ እኔን ማን እንደሚያሳክም በኢሜይል ሲከራከሩ ሁለት ቀን አልፏል።

ከኤጀንሲው ደመወዝ አለማግኘታችሁ ሌላም ጥቅም አለው። የክላስተር አስተባባሪ ስትሆኑ ትንንሾቹ ድርጅቶች የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ "ይህ ሰው ለራሱ መሥሪያ ቤት ነው የሚያደላው" ይላሉ። የሮስተር ሰው ይህ ጥርጣሬ ይቀልለታል።

ጉዳቱ? ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ልምድ ይጠይቃሉ፤ ከገባችሁም በኋላ ስልኩ ለ8 ወር ላይጮህ ይችላል። ሲጮህ ደግሞ በቀናት ውስጥ ተነሱ ይላችኋል። ትንሽ ልጅ ቤት ላለው ሰው ይከብዳል።

ኤንጂኦ፣ በጎ ፈቃደኝነትና የአማካሪ ኩባንያ

ከኤንጂኦ ጋር የሚገባ የአማካሪነት ውል ለመጠለያው ይቀርባል። ውሳኔ በፍጥነት ይሰጣል። ሕፃናቱን፣ ሠራተኞቹን፣ የሕፃናት መጫወቻ ድንኳኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ነገር ግን ውሉ እንደየድርጅቱ ነው። አንዱ 20 ገጽ ይሰጣችኋል፣ ሌላው ሁለት ገጽ። የሁለት ገጹን ደግማችሁ አንብቡት።

እዚህ የማየው አንድ መለኪያ አለ። እኔን እንዴት ያጣሩኛል? ከሕፃናት ጋር ለሚያገናኝ ሥራ የቀድሞ አሠሪዬን ሳይጠይቅ ፈርም የሚለኝ ድርጅት፣ ከእኔ በፊት የመጣውንም አልጠየቀም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረ የጥፋት መረጃ መለዋወጫ ሥርዓት አለ። አባል ድርጅቶች አዲስ ሰው ሲቀጥሩ ሰውዬው በጾታዊ ጥቃት ወይም ብዝበዛ ጥፋተኛ ተብሎ እንደሆነ የቀድሞ አሠሪዎቹን ይጠይቃሉ። አባል መሆናቸውን ጠይቁ። የሚቀየም ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኛ መሆን ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል። የመኖሪያ አበልና መድን አለው፤ ከቡድን ጋር ትሠራላችሁ፤ የሚያስተምራችሁ ሰው አጠገባችሁ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠበቅ።

በአማካሪ ኩባንያ ሥር ንዑስ ተቋራጭ መሆን ደግሞ ለተመራማሪዎች ይሆናል። ጨረታውን እነሱ ያሸንፋሉ፣ ሜዳ የምትወርዱት እናንተ ናችሁ። ስማችሁ ሪፖርቱ ላይ እንደሚወጣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ።

የቀን ክፍያ እንዳያታልላችሁ

አሁን ወደ ገንዘቡ። የቀን ክፍያ ሲሰሙት ያጓጓል። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው። የትኛውም ገንዘብ ይሁን፣ ቀኑን 100 ብለን እንያዝ።

በወር 22 የሥራ ቀን አለ። 100 በ22 ሲባዛ 2,200 ነው። "ከደመወዜ በእጥፍ!" ይላል ሰው። ቆይ። ውሉ 60 ቀን ነው። ጠቅላላው 6,000 ነው። 60 ቀኑ ግን በ3 ወር አያልቅም። ሕፃናትን ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠበቃል። የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠበቃል። ረቂቁን አምስት ድርጅት አስተያየት ይሰጥበታል፤ አንዱ ፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ 5 ወር ይሄዳል። በዚህ መሀል ሌላ ሙሉ ሥራ መያዝ አትችሉም። 6,000 ለ5 ሲካፈል 1,200 ነው። ከዚያ ላይ መድን፣ ለራስ የሚቀመጥ ጡረታ፣ ኢንተርኔትና መብራት 150 ብለን እንቀንስ። 1,050 ቀረ። ግብሩ ገና ነው።

1,100 ደመወዝ ያለው ቅጥር ከዚህ ይበልጣል። እሱ ላይ ደግሞ ፈቃድ አለ።

ክፍያው በቁርጥ ከሆነና "ሪፖርቱ ሲጸድቅ" የሚል ከሆነ፣ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነና በስንት ቀን ውስጥ አስተያየት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ቀን ካልተጻፈ ቀን የለም። እኔ የመጨረሻውን ክፍያ ሪፖርቱን ካስገባሁ ከ4 ወር በኋላ የተቀበልኩበት ጊዜ አለ። የሚያጸድቀው ሰው ሥራ ለቅቆ ነበር።

ከቤት ሆኖ ወይስ ሜዳ ወርዶ?

ሰነድ ማርቀቅ፣ ሞጁል ማዘጋጀት፣ የተሰበሰበ መረጃ መተንተን ከቤት ይሠራል። ደህና ነው። የጉዳይ ሠራተኞችን መደገፍም በከፊል በስልክ ይሆናል፤ መንገድ ሲዘጋ ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ነገር ግን የማታውቁትን መጠለያ ከሩቅ "ዳስሱ" የሚል ውል ቢመጣ ጠርጥሩ። የመጠለያው መጸዳጃ ማታ መብራት እንደሌለው ኢሜይል አይነግራችሁም። ሴት ልጆቹ ናቸው የሚነግሯችሁ፤ ለዚያውም ለሚያምኑት ሰው።

ከቤት በሚሠራ ውል አንድ አደጋ አለ። መረጃ። በአንድ ውል ሁለተኛ ቀኔ ላይ አንድ ድርጅት ያለ ምንም መቆለፊያ የኤክሴል ፋይል በኢሜይል ላከልኝ። የልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ የድንኳን ቁጥር፣ የደረሰበት ጥቃት። ወደ 200 ረድፍ። እኔ የተቀጠርኩት የሥልጠና ሞጁል ልጽፍ ነው። የአንድም ልጅ ስም አያስፈልገኝም። አጥፍቼው፣ ማጥፋቴን ነግሬ፣ ስም የሌለበት ጠቅላላ ቁጥር ብቻ እንዲልኩልኝ ጻፍኩ። መረጃው የሚሰጠው ለሥራው ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው። እንደ ሲፒአይኤምኤስ ፕላስ ያሉት የሕፃናት ጥበቃ የመረጃ ሥርዓቶች እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚያየውን የሚገድቡትም ለዚህ ነው። አሠሪያችሁ ይህን የማያውቅ ከሆነ ውሉ ላይ የመረጃ አያያዝ ክፍል እንዲጨመር ጠይቁ።

ቢጋሩን ስታነቡ

አንድ ቢጋር፣ ማለትም ከአማካሪው የሚጠበቀውን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድ፣ በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ አሳየኝ። በ30 ቀን ውስጥ የአገልግሎት ካርታ መሥራት፣ የአሠራር መመሪያ ማርቀቅ፣ 200 ሰው ማሠልጠን፣ "እንደ አስፈላጊነቱም ከቤተሰብ የተለዩ ሕፃናትን ጉዳይ መከታተል"። ያቺ "እንደ አስፈላጊነቱ" የምትለዋን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። የዓመት ሥራ የምትደበቀው እሷ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ያቺ መስመር ካልወጣች አልፈርምም አለ። ወጣች።

ሌሎቹን በፍጥነት ልበል። አስተርጓሚ የሚከፍለው ማን ነው? ሕፃናትን የማናግር ከሆነ ሕፃኑ ቢረበሽ ወዲያው የምልክበት አገልግሎት አለ ወይ? ከሌለ ቃለ መጠይቁ ይቅር። የሥነ ምግባር ደንብ አስፈርመውኛል ወይ? የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት መመሪያ ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር ማናቸውንም ጾታዊ ግንኙነት ይከለክላል። የአገሩ ሕግ ምንም ይበል፤ "ዕድሜዋን አላወቅሁም" ማለትም አያድንም። አማካሪውም በዚህ ይታሰራል።

እና አንድ ነገር፤ ለማመልከቻ ክፈሉ የሚል ካለ አጭበርባሪ ነው። ዩኒሴፍ በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለማን የትኛው?

ገና ከጀመራችሁ አማካሪ አትሁኑ። የሚመክር ሰው መጀመሪያ የሠራ መሆን አለበት። በኤንጂኦ ሠራተኛ ወይም በበጎ ፈቃደኝነት ሁለት ሦስት ዓመት ፋይል ያዙ። ቤተሰብ የምታስተዳድሩ፣ መድን የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆናችሁ ጊዜያዊ ቅጥር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትርምስ የማያስደነግጣችሁ፣ ሻንጣችሁ በር ላይ የሚያድር ከሆነ ሮስተር። ግምገማ፣ ጥናትና ሥልጠና ላይ ስም ያወጣችሁ ከሆናችሁ አማካሪነት። ለዚያውም የሦስት ወር ወጪ ከያዛችሁ።

እኔ አሁንም ኮንሰልታንት ነኝ። ባለፈው ሁለት ቦታ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ፤ መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለዎት?" ሲሉኝ ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ነበር ያቀረብኩት። "ውሌ ባለቀ ማግስት ይህን ሥራ የሚረከበው ማን ነው?" የመጀመሪያዎቹ "እሱን እናያለን" አሉ። ሁለተኛዎቹ የሱፐርቫይዘሯን ስምና የምትጀምርበትን ቀን ነገሩኝ። የርክክብ 5 ቀን ጨምሩልኝ አልኳቸው። 3 ሰጡኝ፤ ፈረምኩ።